ናጅ ማለት ምን ማለት ነው? ስልካችሁስ በቀን ስንት ጊዜ ጎሸም ያደርጋችኋል?

መምህሩ ስማችሁን ጠርቷል፤ የእናንተ ሐሳብ ግን በመስኮት ወጥቶ ሄዷል። አጠገባችሁ የተቀመጠው ልጅ ምንም ሳይናገር በክርኑ ጎሸም ያደርጋችኋል። ትባንኑና “አቤት” ትላላችሁ። በቃ፣ አለቀ። አልጮኸባችሁም፣ አልጎተታችሁም፤ ብትፈልጉ መስኮቱን ማየታችሁን መቀጠል ትችሉ ነበር። እንግሊዝኛ ለዚህች ትንሽ ነገር አንድ አጭር ቃል አለው፦ ናጅ።

ቃሉን በዜና ወይ በቢዝነስ ቪዲዮ ውስጥ ሳትሰሙት አትቀሩም። መዝገበ ቃላት የከፈተ ሰው “መጎሸም፣ በቀስታ መግፋት” የሚል ያገኝና ይበልጥ ግራ ይጋባል። ታዲያ መንግሥታት ለምን ስለ ክርን ያወራሉ? አንድ የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰርስ ሰው በመጎሸም ነው እንዴ ኖቤል የተሸለመው? በከፊል አዎ። እዚያ እንደርሳለን፤ መጀመሪያ ግን ክርኑን እንጨርስ።

ቃሉ እንግሊዝኛ ውስጥ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ተጽፎ ይገኛል። የሰው ትኩረት ለመሳብ በክርን ነካ ማድረግ ማለት ነው። አማርኛ ለዚህ አይቸገርም። እንዲያውም እኔን ከጠየቃችሁኝ በዚህ ጉዳይ አማርኛ ይበልጣል፤ ብዙ ግሶችን ለስለስ የምናደርግበት የራሳችን ዘዴ አለን። በሩን “ከፈተው” እና “ከፈት አደረገው” አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው ለአየር ያህል ነው። “ክፍት አደረገው” ካልን ደግሞ ወለል ብሏል። “ገፋው”፣ “ገፋ አደረገው” እና “ገፈተረው”ም እንደዚሁ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሦስተኛው ፖሊስ ጣቢያ ሊያደርስ ይችላል። ናጅ መሃል ላይ ያለችው ናት።

ከጊዜ በኋላ ቃሉ ከክርን ወጣ። ጓደኛችሁ ስኮላርሺፕ ለመሙላት እያመነታች ከሆነና እናንተ “ቀኑ እኮ ሊያልፍ ነው” ብላችሁ አስታውሳችኋት ከሞላች፣ ናጅ አደረጋችኋት ይባላል። ቁጥር ላይም ይሠራል፤ የአየር ትንበያ አንባቢ ሙቀቱ 40 ዲግሪን “ናጅ እያደረገ ነው” ካለ፣ ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል፣ ተጠግቶታል ማለቱ ነው። ኳስ ተንታኝም አጥቂው ኳሷን መረብ ውስጥ “ናጅ አደረጋት” ሊል ይችላል። ለግቶ አይደለም፣ ነካ አድርጎ ነው።

ታላላቆቻችሁ ደግሞ ሌላ ትዝታ ሊኖራቸው ይችላል። ኤምኤስኤን ሜሴንጀር የሚባል የቻት ፕሮግራም በ2005 (በፈረንጆቹ ነው፣ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንደዚሁ) ናጅ የምትባል ቁልፍ ይዞ መጣ። ስትጫኗት የጓደኛችሁ የቻት መስኮት ድምፅ እያሰማ ይንቀጠቀጣል። “ለምን አትመልስም?” ለማለት ነው። የፌስቡክ ፖክም የዚያችው ዘመድ ናት። ልብ በሉ፣ ያኔ የሚጎሽማችሁ ሰው ነበር። አሁን የሚጎሽማችሁ ማን እንደሆነ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

እንግሊዝኛ ውስጥ ይህን ቃል የሚመስል ሌላ ቃልም አለ፤ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይቀላቅሏቸዋል። የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ከሚናገሩት ከይዲሽ ቋንቋ ወደ አሜሪካ እንግሊዝኛ የገባ ነው፤ “ኑጅ” ተብሎ ይነበባል። ትርጉሙ ነዝናዛ፣ ወትዋች፣ ችክ ያለ ሰው። በእኛ ቋንቋ መወትወት፣ መጎትጎት፣ መነዝነዝ የምንለው እዚህ ጋ ነው የሚገባው። እና እውነቱን እንናገር፣ በዚህ የሚያክለን የለም። ሰው ቤት ሄዳችሁ “ጠግቤያለሁ” በሉ እስቲ። “በሞቴ! እኔ ልሙት! ይቺን ብቻ!” ጉርሻው አፋችሁ ደርሷል። ፍቅር ነው፣ አያከራክርም፤ ግን እምቢ የማለት መንገዱ ተዘግቷል። ናጅ ደግሞ ዋናው ቁም ነገሩ መንገዱ ክፍት መሆኑ ላይ ነው።

ይህን መስፈርት ወደ መጽሐፍ የለወጡት ሁለት አሜሪካውያን ናቸው። ኢኮኖሚስቱ ሪቻርድ ቴለር እና የሕግ ምሁሩ ካስ ሰንስቲን በ2008 “ናጅ” የሚል መጽሐፍ አወጡ፤ በዚያው መጽሐፍ ቃሉን ከይዲሹ ኑጅ ጋር እንዳናምታታው አስጠንቅቀዋል። ሐሳባቸው ይህ ነው፦ ሰው የሚወስነው ምርጫው በቀረበለት መንገድ ተስቦ ነው። ስለዚህ ምንም ሳትከለክሉ፣ ገንዘብም ሳትቀጡ ወይም ሳትሸልሙ፣ አቀራረቡን በማስተካከል ብቻ ውሳኔውን ገፋ ማድረግ ትችላላችሁ። የትምህርት ቤት ካፌ ፍራፍሬውን ዓይን በሚያርፍበት ቦታ ካስቀመጠ ናጅ ነው። ኬኩን ከከለከለ ናጅ አይደለም፣ ክልከላ ነው። ኬኩ ላይ ትልቅ ታክስ ከጣለም አይደለም። ቴለር በ2017 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሲሸለም ሥራው ከዚህ ሰፋ ያለ ቢሆንም፣ ዜናው ላይ የገነነው ይህችው ቃል ነበረች።

ታዋቂው ምሳሌ ትንሽ ያስቃል። በአምስተርዳም ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ የወንዶች መሽኛ ገበታ ላይ የዝንብ ምስል አተሙበት። ወንድ ልጅ ኢላማ ካየ… በቃ ያነጣጥራል። ወለል ላይ የሚፈሰው በ80 በመቶ ቀነሰ ብለው የማረፊያው ሰዎች ተናገሩ። ማስጠንቀቂያ የለ፣ ቅጣት የለ፣ ጥበቃ የለ። አንዲት የማትበር ዝንብ ብቻ።

ዝንቧ ታስቃለች እንጂ የናጅ እውነተኛ ጉልበት ሌላ ቦታ ነው፤ ዲፎልት ላይ። ዲፎልት ማለት እናንተ ምንም ባትነኩ ተመርጦ የሚጠብቃችሁ ነገር ነው። አዲስ ስልክ ስትከፍቱ ያለው የጥሪ ድምፅ ዲፎልት ነው፤ ስንቶቻችን ነን እሱን ሳንቀይር ዓመት የከረምነው? ሰው ሰነፍ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው፤ በዚያ ላይ “እንዲህ ያደረጉት እነሱ የሚያውቁት ነገር ቢኖር ነው” ይላል።

ብሪታኒያ ይህንን ጡረታ ላይ ሞከረችው። ድሮ ሠራተኛው በድርጅቱ የጡረታ ቁጠባ ውስጥ ለመግባት ራሱ ፎርም መሙላት ነበረበት፤ ብዙው አይሞላም። ከ2012 ጀምሮ ግን ተገለበጠ፦ መስፈርቱን የሚያሟላ ሠራተኛ በራሱ ጊዜ ይመዘገባል፣ ያልፈለገ ይወጣል። ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው በዚህ መንገድ ቁጠባ ውስጥ ገባ። ገቢ ማዋጣት ስላለበት የሠራተኛው ደሞዝ ላይ ቅነሳ አለ፣ አሠሪውም ይጨምርለታል፤ ግን በሩ አልተቆለፈም። እዚህ ጋ “እቁብስ ናጅ አይደለም ወይ?” የሚል ሰው አይጠፋም። አይመስለኝም። እቁብ መግባት በፈቃድ ነው፤ አንዴ ከገባችሁ ግን፣ በተለይ ዕጣው ከደረሳችሁ በኋላ፣ “ሐሳቤን ቀየርኩ” ብትሉ ሰብሳቢው በሳቅ አይሸኛችሁም። የእቁብ ጉልበቱ እንዲያውም መውጫው ጠባብ መሆኑ ነው።

የዲፎልት ነገር ሲነሳ ሁልጊዜ የሚጠቀስ ሌላ ቁጥር አለ። በ2003 የወጣ ጥናት እንደሚለው፣ ከሞት በኋላ የአካል ክፍል ለመለገስ ፈቃደኛ ተብሎ የሚቆጠረው ሰው በጀርመን 12 በመቶ ሲሆን ጎረቤት ኦስትሪያ ውስጥ 99.98 በመቶ ነበር። ኦስትሪያውያን በዚህ ልክ ደግ ሆነው አይደለም። ጀርመን ውስጥ “እለግሳለሁ” ብለህ ካልተናገርክ የለህበትም፤ ኦስትሪያ ውስጥ “አልለግስም” ካላልክ አለህበት። ልዩነቱ ያለው ዝም ማለት ምን ተብሎ እንደሚተረጎም ላይ ነው። እኔ ግን ይህን ምሳሌ እንደ ድል ሲያወሩት ብዙም አይመቸኝም። ወረቀት ላይ ፈቃደኛ መባል እና ኩላሊቱ በእርግጥ ለታማሚ መድረሱ ሁለት ነገር ናቸው፤ በብዙ አገር ሐኪሞቹ ሟቹ ምንም ቢባል ቤተሰቡን ይጠይቃሉ። ቴለር ራሱም እዚህ ላይ የሚመርጠው ዝምታን እንደ እሺታ መቁጠርን ሳይሆን ሰውን በግልጽ መጠየቅን ነው።

ከሁሉም ልቤን የነካኝ ምሳሌ ግን ከጎረቤት ኬንያ ነው፤ መሣሪያውም ያው እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት በጀመሩ 538 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት በ2010 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጥቷል። ግማሽ ያህሉ በሳምንት አንድ ጊዜ ከክሊኒኩ በስዋሂሊ አጭር መልእክት ይላክላቸው ነበር፦ “ማምቦ?” እንዴት ነህ፣ እንዴት ነሽ እንደማለት። ስለ መድኃኒት አንድም ቃል የለውም። ሰውየው “ሳዋ” (ደህና) ወይም “ሺዳ” (ችግር አለ) ብሎ ይመልሳል፤ ችግር ላለው ነርስ ትደውላለች። ከአንድ ዓመት በኋላ መድኃኒታቸውን በአግባቡ እየወሰዱ የነበሩት መልእክት ከሚደርሳቸው 62 በመቶ፣ ከማይደርሳቸው ደግሞ 50 በመቶ ሆኑ። በአንዲት ቃል! ደግሞ አስቡት፣ “መድኃኒትህን ዋጥ” የሚል መልእክት ቢሆን ኖሮ ስልኩን ያየ ሁሉ ሚስጥሩን ባወቀ ነበር።

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው “ታዲያ ዓለምን በናጅ ብቻ አናስተካክልም?” ሊል ይችላል። መንግሥታትም ያሉት ይኸንን ነው። ብሪታኒያ በ2010 ሰዎች “የናጅ ቡድን” የሚሉትን ቢሮ አቋቋመች፣ ሌሎችም ተከተሉ። ግን ነገሩ እንደተወራው አልሆነም። በ2022 የታተመ ሰፊ ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ ሁለት የናጅ ቡድኖች የሠሯቸውን 126 ሙከራዎች አንድ ላይ አየ፤ 23 ሚሊዮን ሰው የተካተተባቸው ናቸው። ናጁ የሰዎችን ድርጊት የቀየረው በአማካይ በ1.4 የመቶኛ ነጥብ ብቻ ነበር። በምሁራን መጽሔት ላይ የሚወጡት ጥናቶች ደግሞ 8.7 ይሉ ነበር። ለምን? አንዱ ትልቅ ምክንያት፣ መጽሔት ላይ የሚወጣው የተሳካው ነው፤ ያልተሳካው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ይባስ ብሎ፣ ፎርም ላይ ፊርማን ከታች ሳይሆን ከላይ ማስፈረም ሰውን ሐቀኛ ያደርጋል ብሎ ገናና የነበረ ጥናት፣ መረጃው የተፈበረከ መሆኑ ተጋልጦ በ2021 ከመጽሔቱ ተሰርዟል። ስለዚህ ቲክቶክ ላይ “በዚህ አንድ የሥነ ልቦና ዘዴ ማንንም ታሳምናላችሁ” የሚል ሲያጋጥማችሁ ረጋ በሉ። 1.4 ለአንድ መንግሥት ብዙ ሺህ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ጓደኛችሁ ላይ ግን አስማት አይሠራም።

አሁን ወደ ስልካችን። ቴለር መጽሐፉን ለአንባቢ ሲፈርም “ናጅ የምታደርጉት ለመልካም ይሁን” የሚል ነገር ይጽፋል፤ ይህን የሚለው ዘዴው ለክፉም እንደሚሠራ ስለሚያውቅ ነው። ለክፉው ስምም አውጥተውለታል፦ ስላጅ። ቃሉ ዝቃጭ ማለት ነው፤ አተላ በሉት። መግቢያው እንደ ናጅ ለስላሳ ነው፣ መውጫው ግን አተላ ውስጥ እንደ መራመድ። የዲዛይን ባለሙያው ሃሪ ብሪግነል ደግሞ በ2010 ድረ ገጽና አፕ ላይ ሰው የሚያታልሉ አሠራሮችን “ዳርክ ፓተርን” ብሎ ሰየማቸው። “እቀበላለሁ” የሚለው ትልቅና አረንጓዴ፣ “አልፈልግም” የሚለው ግራጫና ደቃቃ። ይሄ በአጋጣሚ አይደለም፤ የሆነ ሰው ቁጭ ብሎ አስቦበታል።

ትልልቆቹም ተይዘዋል። የፈረንሳይ የግል መረጃ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2022 መጀመሪያ ላይ ጉግልን 150 ሚሊዮን ዩሮ፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ መቅጣቱን አስታወቀ። ጥፋታቸው? ኩኪ የሚባለውን መከታተያ ለመቀበል አንድ ጊዜ መንካት በቂ ሲሆን፣ እምቢ ለማለት ግን ብዙ ጊዜ መነካካት ማስፈለጉ። በቃ ይኸው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2023 አማዞንን ከሰሰ፤ ሰዎችን ሳያውቁት ፕራይም የተባለው ክፍያ ውስጥ ያስገባል፣ ለመውጣት ሲሞክሩ ደግሞ ያንከራትታል ብሎ። ድርጅቱ ውስጥ የስረዛው ሂደት “ኢሊያድ” ይባል እንደነበር ክሱ ላይ ተጽፏል፤ ኢሊያድ ስለ ረጅሙ የትሮይ ጦርነት የሚተርክ የጥንት ግሪኮች ግጥም ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ቀልድ ያውቃል። አማዞን ጥፋተኛ ነኝ ሳይል በ2025 ጉዳዩን በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ዘጋው።

ቢሊዮኑ ሩቅ ከመሰላችሁ የአክስቴን ልንገራችሁ። ካርድ በሞላች ቁጥር ሒሳቧ በማግስቱ ይጎድላል። “ልጆች እየደወሉበት ነው” ብላ ቤቱን ሁሉ ስትጠራጠር ከረመች። አንድ እሑድ ስልኳን ተቀብዬ መልእክቶቿን ወደ ኋላ ሳይ ገባኝ። የሆነ ቀን ስክሪኗ ላይ አንድ ነገር ብቅ ብሎ እሺ በይ ብሏታል፤ ለማጥፋት ብላ እሺ ብላዋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ የማታነበው መልእክት እየተላከላት ሳንቲሟ ይቆረጣል። ለማቋረጥ ምን ያስፈልጋል? አንድ የእንግሊዝኛ ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፎ መላክ። አክስቴ አማርኛ እንጂ የእንግሊዝኛ ፊደል አታነብም። ለመግባት አንድ ጣት፣ ለመውጣት አንድ ቋንቋ።

ስለዚህ አንድ አፕ ጎሸም ሲያደርጋችሁ፣ የምትገቡበትንና የምትወጡበትን እርምጃ ቁጠሩ። እኩል ከሆነ ናጅ ነው፤ ጥሩም መጥፎም ሊሆን ይችላል፣ ቢያንስ ግን በሩ ክፍት ነው። መግቢያው አንድ ሆኖ መውጫው ሰባት ከሆነ አተላ ነው። ደግሞ ዲፎልቶቻችሁን ራሳችሁ ገልብጧቸው፣ ማንም አይከለክላችሁም። ከቴሌግራም ጀምሩ፦ ሴቲንግ፣ ከዚያ ዳታና ስቶሬጅ የሚለው ውስጥ በሞባይል ዳታ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዲያወርድ የሚያደርገውን አጥፉት። ፓኬጃችሁ “በምን አለቀ?” የምትሉት ግማሹ እዚያ ሊሆን ይችላል። ዩቲዩብ ላይ አውቶፕሌይ አለ፤ አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላውን የሚያስከትለው እሱ ነው፣ በአንድ ንክኪ ይዘጋል። ኖቲፊኬሽን ደግሞ ሰው ከጻፈላችሁ ብቻ እንዲጮህ፣ የቅናሽና የ“ናፍቀኸናል” ዓይነቱ ዝም እንዲል አድርጉት። የኤምኤስኤኗ ናጅ ቢያንስ ጓደኛ ነበረች፤ ከጀርባዋ የሚጠብቅ ሰው አለ። “ናፍቀኸናል” ያላችሁ አፕ ግን ማንም አልናፈቀውም።

የአክስቴን አገልግሎት አቋርጬ የማረጋገጫውን መልእክት ስጠብቅ ምሳ ቀረበ። በልቼ ነበር የሄድኩት። ነገርኳት፣ እየማልኩ ነገርኳት። “በሞቴ፣ ይቺን ብቻ” አለችና ጉርሻዋን ይዛ ቆመች።

አራት ጊዜ ጎረስኩ።